የማይባሉ ቃላት ትምህርት

በሙያዬ ቃል አልባሽ ነበርኩ። ልብስ ሰፊ ለሰው ይሰፋል፤ እኔ ለቃል እሰፋ ነበር። አገሬ የት እንደሆነች አልነግራችሁም። እዚያ የኖረ ያውቃታል፤ ያልኖረም ቢሆን ጨርሶ አያጣትም። ከተማችን አንድ ገበያ፣ አንድ ጤና ጣቢያ፣ አንድ ትምህርት ቤትና አንድ የነውር ጽሕፈት ቤት አላት። የኔ ወንበር የነውር ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ነበረች። ከበሩ በላይ «ዝም አይነቅዝም» የሚል ጽሑፍ ተሰቅሏል። ከሥሩ ደግሞ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ይላል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን ተረት ግን ገና ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አግደነዋል።

ሥራው ከባድ አይደለም። ከእንብርት በታች፣ ከጉልበት በላይ ያለ ነገር ስሙ ራቁቱን እንዳይሄድ ማልበስ ነው። አንድ ቃል ራቁቱን ሲሄድ ተገኘ ተብሎ ይጠቆምልኛል። ልኩን ወስጄ ልብስ እሰፋለታለሁ። የነውር ሹሙ አቶ ደርሶልኝ ማኅተም ይመቱበታል። ከዚያ በኋላ የድሮውን ስም በአደባባይ የጠራ ሰው ሸንጎ ይቀርባል። «ታፋ»ን ያለበስኩት እኔ ነኝ። ሉካንዳ ቤት የሚገባ ሰው «ከበሬው ዝም ካለው ቦታ አንድ ኪሎ» ነው የሚለው። እንቁላል እንኳ ከየት እንደሚወጣ ስለሚታወቅ ተጠርጥሮ ነበር፤ ሁለት ዓመት ሲመረመር ከርሞ በዋስ ተለቀቀ።

ትልቁ ሥራዬ ግን «ጎረቤት» ነው። ቀድሞ በዚያ አካባቢ ያለው የሰውነት ክፍል ሁሉ የየራሱ ስም ነበረው። እኔ ሰብስቤ በአንድ ጋቢ ሸፈንኩት። የወንዱም የሴቱም፣ የውስጡም የውጪውም፣ ሁሉም «ጎረቤት» ተባለ። አቶ ደርሶልኝ ይህን ሲሰሙ ከወንበራቸው ተነሥተው አቀፉኝ። «አንተ ሰው፣ በአንድ ቃል አርባ ነውር ቀበርክልን!» አሉኝ። የዓመቱ ሽልማት ካባ ነበር፤ ተሸለምኩ። ዛሬ ሳወራው ያሳፍረኛል። ያን ጊዜ ግን ካባዬን ለብሼ ገበያውን ሁለት ጊዜ ዞሬያለሁ።

ሚስቴ ጥሩወርቅ ትባል ነበር። ዳምጠውንና ትርንጎን ወልዳልኛለች። ትርንጎ ስድስት ዓመቷ ሳለ እናቷን ከጊዜው ውጪ ደም ይፈሳት ጀመር። ይዣት ጤና ጣቢያ ሄድኩ። የኛ ጤና ጣቢያ ዶክተር የሚመጣለት ከሌላ አውራጃ ነው፤ በየሁለት ዓመቱ ስለሚቀየር የከተማችንን ቃላት ሳይለምድ ይሄዳል። የዚያን ጊዜው ዶክተር ምን እንደሆነች ጠየቃት። አንገቷን ደፍታ፣ «ጎረቤቴ አስቸገረኝ። ደም ያፈሰኛል» አለችው።

ሰውየው ደነገጠ። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ሦስት ወሩ ነው።»

«ሦስት ወር ሙሉ ደም ሲያፈስሽ ዝም አልሽ?»

«ምን ላድርግ፣ አፍሬ ነዋ!»

ዶክተሩ ወዲያው ፖሊስ ጠራ።

ጎረቤታችን አቶ ሞላልኝ የሚባሉ ንብ አናቢ ነበሩ። ዝንብ እሽ የማይሉ ሰው ናቸው። አሥራ አንድ ቀን ታሰሩ። ሲፈቱ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ከሚስቴ ጋር አስታረቋቸው። አቶ ሞላልኝ፣ «ምን እንዳጠፋሁ ባላውቀውም ይቅር በይኝ» አሏት። እሷም «ይቅር ለእግዜር» አለች። ተሳሳሙ፤ ማርም አመጡልን። ደሙ ግን አልቆመም። እንደገና ጤና ጣቢያ እንሂድ ስላት፣ «ደግሞ ማንን ላሳስር?» አለችኝ። ደሙ በጀመራት በስምንተኛው ወር ቀበርናት። በሞት መዝገቡ ላይ ምክንያቱ «የጎረቤት ጠብ» ተብሎ ሰፈረ። የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ከተናገርኩ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ያን ቀን ዶክተሩ ፊት አጠገቧ ቆሜ ነበር። እሷ ምን ማለቷ እንደሆነ የሚያውቅ ከኔ ሌላ ሰው እዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም። ራቁቱን ቃል ባወጣ፣ ከተማው «ቃል አልባሹ ራሱ ተራቆተ» ብሎ ይስቅብኛል ብዬ ፈራሁ። ዝም አልኩ። ከዚያ ወዲህ የምፈራው አንድ ነገር ብቻ ሆነ። ያ ዝምታ እናታቸውን እንደወሰደ ከልጆቼ አንዱን እንዳይወስድብኝ እፈራ ነበር። ፈራሁ እንጂ ምንም አላደረግኩም፤ በማግስቱ ሥራዬ ገብቼ «ሽንጥ»ን አለበስኩ።

ወይዘሮ እማዋይሽ ወደ ከተማችን የመጡት ትርንጎ አሥራ አራት ዓመት በሞላት ጊዜ ነው። ሃያ ስምንት ዓመት አዋላጅ ነበሩ። መገጣጠሚያቸውን ቢያማቸው ማዋለዱን ትተው ወደ ማስተማር ዞሩ። አጭር ወፍራም ናቸው፤ ድምፃቸው ግን ከቁመታቸው በሦስት እጥፍ ይበልጣል። በመጡ በሁለተኛው ቀን ቢሮዬ ገቡ።

«ቃል አልባሹ እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ምን ልታዘዝ?»

«የወጣቶች ጤና ላስተምር ነው የተላክሁት። ምን ምን ማለት እንደማይፈቀድልኝ አስቀድሜ ልወቅ ብዬ ነው።»

እንዲህ ያለች ጨዋ ሴት አላየሁም ብዬ ደስ አለኝ። መዝገቡን አወጣሁላቸው። ልብ በሉ፣ ያ መዝገብ ራቁት ቃላት በሙሉ የተጻፉበት ብቸኛው መጽሐፍ ነው። ቃል ለመከልከል መጀመሪያ መጻፍ ግድ ነዋ፤ በግራ ቃሉ፣ በቀኝ ልብሱ። ወይዘሮ እማዋይሽ መነጽራቸውን አድርገው ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አነበቡት። ሻይ ባዝላቸውም አልነኩትም።

«አቶ ባንትይርጉ» አሉኝ ጨርሰው ቀና ሲሉ፣ «ግሩም መጽሐፍ ነው። አንድም የቀረ የለም።»

«አመሰግናለሁ።»

«ይኼ አንቀጽ አሥራ ሰባት ግን ተፈጽሞ ያውቃል?»

አንቀጽ አሥራ ሰባት ከሽፋኑ ጀርባ በደቃቅ ጽሕፈት የሰፈረ ነው። «የማይባለውን ለይቶ ያላወቀ ሰው ሳያውቅ ሊለው ይችላልና፣ ወጣቶች የማይባለውን ሁሉ በዝርዝር ይማሩ። ቃል አልባሹም ከመዝገቡ ያንብብላቸው» ይላል። ማን እንደጻፈው አይታወቅም። ጽሕፈት ቤቱ ከተቋቋመ ጀምሮ ማንም ፈጽሞት አያውቅም፤ ያሳፍራላ!

«ማን ይፈጽመዋል ብለው ነው?» አልኳቸው።

«እኔና እርስዎ» አሉኝ። «ማክሰኞ እንጀምር።»

አቶ ደርሶልኝ ይቃወማሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን እኔኑ ተቆጡኝ። «ምን እንደማይሉ የማያውቁ ልጆች እንዴት አድርገው ነው የማይሉት? ሕግ የገባት አንዲት ሴት ብትመጣልን አንተ ታቅማማለህ!» አሉ። ማኅተማቸውን ግጭ አደረጉበት።

የመጀመሪያው ማክሰኞ ክፍሉ ጢም ብሎ ሞላ። ከአሥራ ሦስት እስከ አሥራ ሰባት ዓመት ያሉ ስልሳ ልጆች ናቸው፣ ወንዱም ሴቱም። ትርንጎ ከፊት ተቀመጠች። ዳምጠው አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር፤ «ከሕፃናት ጋር አልቀመጥም» ብሎ ቀረ። አቶ ደርሶልኝ ማስታወሻ ይዘው ከመምህሯ አጠገብ ወንበር አስደረጉ። ወይዘሮ እማዋይሽ ሰሌዳው ላይ የሰው አካል ሳሉ። እኔ ከመዝገቡ አነባለሁ፤ እሳቸው ያብራራሉ።

«ማህፀን» ብዬ አነበብኩ። ጆሮዬ ጋለ።

«ይህ ማህፀን አይባልም» አሉ፣ ሥዕሉን በዘንጋቸው ጫፍ እየነኩ። «ያለው እዚህ ጋ ነው አይባልም። ሴት ልጅ ለአካለ መጠን ስትደርስ በየወሩ ደም ይመጣል አይባልም። ይህ ጤና ነው፣ እርግማን አይደለም፣ ቆሻሻም አይደለም ማለት ክልክል ነው። ደሙ ከመጠን በላይ ሲበዛ ወይም ከጊዜው ውጪ ሲመጣ፣ ሐኪም ፊት ቀርቦ ‹ከማህፀኔ ደም ይፈሰኛል› አይባልም። ገባችሁ?»

«ገባን!»

«እስቲ ሐኪም ፊት ቀርባችሁ ምን እንደማትሉ ንገሩኝ።»

ስልሳው ልጅ በአንድ ድምፅ፣ «ከማህፀኔ ደም ይፈሰኛል!» አለ።

«ጎበዞች! እንዲህ እንዳትሉ አደራ። አንድ ጊዜ ድገሙልኝ።»

ደገሙት። አቶ ደርሶልኝ ራሳቸውን እየነቀነቁ ጻፉ። እኔ መዝገቡን በሁለት እጄ ይዤ ደርቄ ቀረሁ። ሦስት ቃል ናት። ሚስቴ ሦስት ቃል አጥታ ነው የሞተችው። ልጄ ትርንጎ ከፊት ወንበር ሆና ከሁሉም አብልጣ ትጮኸዋለች፤ የምትጮኸው ስለ እናቷ እንደሆነ አታውቅም። ገጹን መግለጥ አቃተኝ። ወይዘሮ እማዋይሽ ጠጋ ብለው እሳቸው ገለጡልኝ።

ከዚያ በኋላ በየማክሰኞው ሆነ። ወይዘሮ እማዋይሽን የማያደንቅ ካለ አላያቸውም። የልጅ ጥያቄ ንቀው አያውቁም። አንድ ወንድ ልጅ ድምፁ ቢጎረንንበት ጉሮሮው የተበላሸ መስሎት አንድ ወር ሙሉ ሳይናገር ከርሞ ነበር። «አድገህ ነው አይባልም» አሉት። ልጁ እፎይ ብሎ ሲስቅ ድምፁ መሀል ላይ ተሰበረ፤ እሳቸውም አብረው ሳቁ። በየወሩ አምስት አምስት ቀን ከትምህርት ቤት ይቀሩ የነበሩ ሴቶች ጨርቅ እንዴት እንደማይታጠፍ፣ እንዴት እንደማይታጠብ፣ ፀሐይ ላይ እንዴት እንደማይሰጣ ተማሩና መቅረት ተዉ። በግንኙነት የሚተላለፉ በሽታዎች ስም በዝርዝር አልተባለም፤ ምልክታቸውም መከላከያቸውም እንዲሁ። ኮንዶም ላይ ስንደርስ እኔ ራሴ አፈርኩ። ያለበስኩት «ጃንጥላ» ብዬ ነበር። ከዓመታት በፊት የከተማችን ነርስ አንድ ባልና ሚስትን «ጃንጥላ ያዙ» ብላ መክራቸው፣ ሰዎቹ በጠራራ ፀሐይ ሳይቀር ጃንጥላ ይዘው ሲዞሩ ከርመው ሰባተኛ ልጃቸውን ወልደዋል። ወይዘሮ እማዋይሽ ታሪኩን ስነግራቸው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁና፣ «ስለ ጃንጥላ አይደለም አይባልም» ብለው ለልጆቹ አንድ በአንድ አስረዱ።

በአምስተኛው ማክሰኞ አንዲት ቀጭን ልጅ እጇን አወጣች። «እትዬ፣ ሰው ሳልፈልግ ሊነካኝ ቢመጣስ? ያኔ ምን አይባልም?»

ወይዘሮ እማዋይሽ ዘንጋቸውን አስቀመጡ። ድምፃቸው ዝቅ ሲል ያን ቀን ነው የሰማሁት።

«እሱን መዝገቡ ውስጥ ሦስት ጊዜ ፈልጌዋለሁ» አሉ። «‹እምቢ› የሚለውን ቃል ማልበስ ማንም ትዝ አላለውም። ስለዚህ እምቢ ይባላል። ጮክ ተብሎ ይባላል። ዘመድም ይሁን፣ አስተማሪም ይሁን፣ ሹምም ይሁን። እምቢ ብለሽ፣ ጮኸሽ፣ ሮጠሽ ለምታምኚው ሰው ትነግሪያለሽ። የመጀመሪያው ካላመነሽ ለሁለተኛው ትነግሪያለሽ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ይኼ ይባላል። ሁላችሁም ጻፉት።»

ልጆቹ አቀርቅረው ጻፉ። አቶ ደርሶልኝ ወደኔ ዘንበል ብለው፣ «እውነት ረስተነው ነው?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«ረስተነው ነው።»

ሰውየው ሦስት ሴት ልጆች አሏቸው። «እንግዲህ የተረሳ ተረሳ» አሉና ማስታወሻቸውን ዘጉ።

በስድስተኛው ማክሰኞ «ቆለጥ» ብዬ ሳነብ ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ወይዘሮ እማዋይሽ እጃቸውን አጣምረው ጠበቁ። «ሳቁ፣ ሳቁ፣ ይውጣላችሁ። ጨረሳችሁ? ደህና። ይህ ቆለጥ አይባልም። በወጣትነት አንዳንዴ ድንገት ይጠመዘዝና ደም ያጣል አይባልም። ድንገት ክፉኛ ሲያም፣ ሲያብጥ፣ ሲያስመልስ፣ ‹ተኛበት ይተውሃል› ይባላል እንጂ በሩጫ ሐኪም ዘንድ አይኬድም። ከጀመረው ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ካልተፈታ ቆለጡ ይሞታል አይባልም። አፍሬ ነው ማለት ሰዓቱን አያቆመውም አይባልም።»

ትርንጎ ያን ሰሞን ቤት ውስጥ ዕቃ እያጠበች የተማረችውን ትደግማለች። «አይባልም፣ አይባልም» እያለች ስታዜም ዳምጠው ጆሮውን ይዞ ከቤት ይወጣል። «አባዬ፣ ይቺን ልጅ ዝም አሰኛት!» ይለኛል። እኔም በአንድ ጆሮዬ እየሰማሁ፣ «በቃሽ፣ ሰው ይሰማል» እላታለሁ። ደስ ይለኝ ነበር፤ ደስ ማለቴን ግን ለማን ልናገር?

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ግድም ዳምጠው ከእንቅልፉ ነቅቶ ጎብጦ ወጣ። ትርንጎ ገበያ ሄዳ ነበር። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ምን ሆንክ?»

«ምንም።» ግድግዳውን ተደገፈ። «ጎረቤቴን ትንሽ...»

ገባኝ። ወዲያው ነው የገባኝ። ያም ሆኖ ከአፌ የወጣውን ስሙ፤ «ተኛበት፣ ይተውሃል» አልኩት። ከስልሳው ልጅ ይልቅ ለመምህሯ ቀርቤ የቆምኩት እኔ፣ መዝገቡን ያነበብኩት እኔ! ልጄ ተመልሶ ተጋደመ። እኔ በሩ ላይ ወንበር አውጥቼ ተቀመጥኩ። ሲያቃስት እሰማለሁ። እየተነሣሁ እቀመጣለሁ። አንድ ጊዜ ጫማዬን አደረግኩና መልሼ አወለቅኩት።

ትርንጎ ስትመጣ አምስት ሰዓት አልፏል። ዘንቢሏን ሳታስቀምጥ ወንድሟ ሲያስመልስ ሰማች።

«ምን ሆኖ ነው?»

«ጎረቤቱን...» አልኩ።

«አባዬ!» ዘንቢሏን ወረወረችው። ቀይ ሽንኩርቱ ቤቱን ሞላው። መጋረጃውን ገልጣ ገባች። «ዳምጠው፣ ቀኙ ነው ግራው?»

«ውጪልኝ፣ አንቺ ባለጌ!»

«ኋላ ትሰድበኛለህ። ቀኝ ነው ግራ?»

እንደ ሕፃን እያለቀሰ፣ «ግራ» አላት።

«መቼ ጀመረህ?»

«ሁለት ሰዓት።»

በጣቷ ቆጠረች። ሮጣ ወጥታ ባጃጅ አስቆመች። ለሁለት ደግፈን ጫንነው።

ቅዳሜ ስለሆነ ጤና ጣቢያው የገበያተኛ መዓት ነበር። ኮሪደሩ ላይ ሃምሳ ሰው ተሰልፏል። ዶክተሯ አዲስ ናት፤ ከመጣች ወር አልሆናትም። ዳምጠውን ስታይ ሰልፉን አስጥሳ አስጠጋችን።

«ምን ሆኖ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ሃምሳው ሰው ወደኔ ዞረ። አፌን ከፈትኩ። ቃሉ ምላሴ ላይ ነው። መዝገቡ ላይ ስንተኛ መስመር እንደሆነ ሳይቀር አውቀዋለሁ።

«ጎረቤቱ...» አልኩ።

«ጎረቤቱ ምን አደረገው? መታው?»

ጥሩወርቅ አጠገቤ የቆመች መሰለኝ። እንዲህ ያለ ሰው ነኝ፤ ልጄ እግሬ ሥር እየተጠቀለለ ቃል ላለማራቆት የምታነቅ።

ትርንጎ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ዘላ ወጣች።

«ዶክተር! የወንድሜ የግራ ቆለጡ ነው! ሁለት ሰዓት ላይ ድንገት ጀመረው፤ እስካሁን ሦስት ሰዓት ከሩብ ቆይቷል! አብጧል፣ እያስመለሰው ነው! ሳይጠመዘዝ አይቀርም! ስድስት ሰዓት ሳይሞላው መፈታት አለበት!»

ኮሪደሩ ውስጥ የነበረ ሰው የገባበት ጠፋው። አንዲት ሴትዮ ነጠላዋን እስከ አገጯ ድረስ አወረደች። አንድ ሽማግሌ «ኧረ የፈጣሪ ያለህ!» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ዶክተሯ ግን አንድ ጊዜ እንኳ ዓይኗን አላርገበገበችም። «አልጋ አምጡ! ማደንዘዣውን አዘጋጁ!» ብላ ጮኸች። ልጄን እየገፉ ወሰዱት።

ሲጨርሱ ዶክተሯ ወጥታ ጓንቷን እያወለቀች፣ «ፈታነው፤ ደሙ ተመልሷል» አለችን። «ትንሽ ብትቆዩ ቆርጬ ነበር የማወጣው። ይቺን ልጅ ማን ነው ያስተማራት?» ትርንጎ ወንበሩ ላይ ተዘርግታ ታለቅሳለች። ያን ያህል ጮኻ ስታበቃ አሁን ድምፅ የላትም። እኔም አጠገቧ ሆኜ አለቀስኩ፤ ይቅርታ መጠየቅ ፈልጌ ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ።

ሰኞ አቶ ደርሶልኝ በትርንጎ ላይ ክስ መሠረቱ። ሌላ ምን ያድርጉ፣ ሹም ናቸው። በሃምሳ ሰው ፊት ራቁት ቃል መጥራት ከፍተኛ ጥፋት ነው፤ ተከሳሿ ከትምህርት ቤት ትባረራለች፣ ትምህርቱም ይዘጋል። ሸንጎው ሞልቷል። የማክሰኞ ልጆች ከኋላ ተደርድረው ቆመዋል፤ ወይዘሮ እማዋይሽ መሀላቸው ናቸው።

ዳኛው ሽማግሌ ናቸው። የመጀመሪያውን ምስክር፣ «ምን ስትል ሰማህ?» አሉት።

«ያንን ነገር አለች፣ ጌታዬ።»

«የቱን ነገር?»

«ያንን... ጎረቤትን።»

«ጎረቤት ማለት የተፈቀደ ነው።»

«ጎረቤት አላለችም፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ ምን አለች?»

ምስክሩ ላብ በላብ ሆነ። ቢናገር ሊከሰስ ነው። ሁለተኛው ምስክር ወረቀት ላይ ልጻፈው አለ፤ መጻፍም ክልክል ነው ተባለ። ሦስተኛዋ በእጇ ልታሳይ ስትሞክር ከሸንጎው አስወጧት። በመጨረሻ ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁና፣ «ይህን ቃል በሕግ መጥራት የሚችል ሰው አለ?» አሉ።

«አንድ ሰው ብቻ ነው» አሉ አቶ ደርሶልኝ። «ቃል አልባሹ።»

ተነሣሁ። ትርንጎ ከተከሳሽ ሳጥን ውስጥ አየችኝ። ባለፈው ቅዳሜ ምላሴ እንዴት እንደከዳኝ አይታለች፤ ዛሬም ከኔ ብዙ የምትጠብቅ አትመስልም ነበር። ያ ነው ያመመኝ።

«ቆለጥ ነው ያለችው» አልኩ። ድምፄ ከጠበቅኩት በላይ ወጣ። «የወንድሜ የግራ ቆለጥ ተጠምዝዟል አለች። እኔ አባቱ ከአጠገቧ ቆሜ ጎረቤቱ ነው አልኩ። በኔ ቃል ቢሆን ኖሮ ልጄ ዛሬ ጉዳተኛ ነበር። በሷ ቃል ደህና ሆነ።»

ሸንጎው ተንጫጫ። ዳኛው ዝም አሰኙ።

«አላበቃሁም» አልኩ። «የሞት መዝገብ ውስጥ የሚስቴ ምክንያት የጎረቤት ጠብ ይላል። ውሸት ነው፤ እኔ ነኝ የዋሸሁት። ጥሩወርቅን የገደላት ከማህፀኗ የሚፈስ ደም ነው። ማህፀን። ዶክተር ፊት አጠገቧ ቆሜ ዝም አልኩ። አቶ ሞላልኝን በከንቱ አሳሰርኩ።»

ዳኛው ወደ ፊት ጎንበስ አሉ። «ይህን ሁሉ የምትናገረው በቃል አልባሽነትህ ነው? በቃል አልባሽነትህ ከሆነ አትከሰስም።»

«አይደለም፣ ጌታዬ» አልኩ። «በባልነቴ ነው።»

ዳኛው ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ሸንጎው የሰማው በሽታ ነው፤ ነውር አልሰማም» አሉ። «ልጅቷ ወደ ትምህርቷ ትመለስ።» አቶ ደርሶልኝ መዝገቡንና ካባውን እንድመልስ በዚያው ሰዓት አዘዙኝ። እጃቸውን ስጨብጣቸው ግን አልከለከሉኝም።

ወይዘሮ እማዋይሽ ደጃፉ ላይ ጠበቁኝ። ደግ አደረጉ ይሉኛል ብዬ ነበር። መነጽራቸውን አስተካክለው፣ «ነገሩን ሲያወሩት የማህፀን በር ሕመም ነው የሚመስለው» አሉኝ። «ማህፀን ማለትዎ ደግ ነው። ግን በትክክል ይወቁት። ማክሰኞ ይምጡ።»

ማክሰኞ ሄድኩ። ዳምጠው ቀስ እያለ እየተራመደ አብሮኝ መጣ። ከኋላ ተቀመጥን፤ ወንበሩ ለልጅ የተሠራ ስለሆነ ጉልበቴ አገጬን ሊነካኝ ምንም አልቀረውም። ወይዘሮ እማዋይሽ የማህፀን በርን ሰሌዳው ላይ ሳሉ። በሽታው እንዴት እንደሚጀምር፣ በምን እንደሚታወቅ፣ ክትባት እንዳለው፣ ምርመራ እንዳለው ነገሩን። ያን ቀን አንድ ጊዜም «አይባልም» አላሉም። ሲጨርሱ ጥያቄ ያለው ማን ነው አሉ።

እጄን አወጣሁ። ስልሳው ልጅ ዞሮ አየኝ። ትርንጎ ብቻ ከፊት ወንበር ሆና አልዞረችም።

«በጊዜ ተናግረንላት ቢሆን ኖሮ» አልኩ፣ «ትድን ነበር?»

ወይዘሮ እማዋይሽ ጠመኔውን አስቀመጡ።

«በጊዜ የመጡ ብዙዎቹ ይድናሉ» አሉኝ። «እሷም ልትድን ትችል ነበር።»

ለጥሩወርቅ ስምንት ዓመት ያላለቀስኩትን እዚያው ልጆቹ መሀል አለቀስኩ። ማንም አልሳቀብኝም።